ስም ያለው አገር፤ ከአባያ ዳር እስከ ኮንሶ እርከን

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ሲሉ አባቶቻችን ተናግረዋል። ይህም ማለት ስም እንዲያው ለመጠሪያ ያህል ብቻ የሚሰጥ ሳይሆን የተጠሪውን ጠባይና ዕድል የሚገልጽ ነው ማለት ነው። ለሰው የተነገረው ይህ ቃል ለአገርም የሚሠራ ይመስለናል። ወንዝም ሆነ ተራራ፥ ሐይቅም ሆነ መንደር ስሙን የሚያገኘው በዙሪያው ከኖረው ሕዝብ ነው፤ ስሙን አውቆ የሚጠራ ሕዝብም ታሪኩን ያውቃል። ስሙ የተረሳ ወይም በሌላ የተለወጠ ስፍራ ግን ለዓይን ምንም ያህል ቢያምር፥ የፊተኛው ገጹ እንደ ተቀደደ መጽሐፍ ነው፤ ያነቡታል እንጂ ማን እንደ ጻፈው አያውቁም።

ይህን ነገር ለማንሣት ያስፈለገን ያለ ምክንያት አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ከአርባ ምንጭ ከተማ አንሥቶ በጋሞ ደጋ በኩል እስከ ኮንሶ ተራሮች ድረስ ያለው አገር ብዙ ጐብኚዎችን ከውጭም ከውስጥም የሚስብ ሆኗል። ጐብኚው ግን አብዛኛውን ጊዜ አገሩን የሚያየው በሁለት ወይም በሦስት ቀን ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ዓይን ይጠግባል፤ ጆሮ ግን ምንም ሳይሰማ ይመለሳል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፋችን የስፍራዎቹን መልክ ብቻ ሳይሆን ስማቸውንና የአገሬው ሰው ስለ እነርሱ የሚተርከውን ጭምር ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አስበናል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ተጉዞ አርባ ምንጭ የደረሰ መንገደኛ ከከተማው አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ቢመለከት ሁለት ሐይቆችን ባንድነት ያያል። በስተ ሰሜን ያለው አባያ ነው፤ በስተ ደቡብ ያለው ጫሞ ነው። አባያ ስፋቱ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፥ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በኢትዮጵያ ግዛት ብቻ ተወስነው ከሚገኙት ሐይቆች ሁሉ ይበልጣል። ውሃው ወንዞች ከደጋው አጥበው በሚያመጡት አፈር የተነሣ ቀላ ያለ ነው። ጫሞ ግን ከርሱ ያንሳል፤ ውሃውም ወደ ሰማያዊነት ያደላል። ቁልፎ የሚባለው ወንዝ ወደ ጫሞ በሚገባበት አጠገብ ታላላቅ አዞዎች ተሰብስበው ፀሐይ ስለሚሞቁ፥ ስፍራው «የአዞ ገበያ» ተብሎ ይጠራል። ሁለቱን ሐይቆች የሚለያየውም የምድር ጀርባ «የእግዜር ድልድይ» ይባላል። ይህን ስም ያወጣለት ሰው ማንም ይሁን ማን፥ የሰው እጅ ያልሠራውን ነገር ለሠራው ለመስጠት ያላመነታ ብልህ ሰው ነበር ብንል ከእውነት የራቅን አይደለንም።

ይሁን እንጂ እነዚህ ሐይቆች በዓለም ካርታ ላይ የታወቁት በአገራቸው ስም አልነበረም። በ1888 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1896) ቪቶሪዮ ቦቴጎ የተባለ ኢጣሊያዊ መኰንን ከሶማሌ ጠረፍ ተነሥቶ ወደ ውስጥ አገር ሲዘልቅ ከአባያ ዳር ደረሰ። ሐይቁንም በንጉሡ በቀዳማዊ ኡምቤርቶ ባለቤት ስም «ማርጌሪታ» ብሎ ሰየመው። ልብ ያለው ልብ ይበል፤ የኢጣሊያ ጦር በዐድዋ ድል የሆነው የካቲት 23 ቀን በዚያው በ1888 ዓ.ም. ነው። በጦር ሜዳ ያልተገኘው አገር በካርታ ላይ በብዕር ተይዞ ነበር ማለት ነው። ጫሞም በበኩሉ፥ እ.ኤ.አ. በ1893 በደቡብ አገር ሲዘዋወር ዝሆን በገደለው በኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ስም ይጠራ ነበር።

እነዚህ ስሞች በአውሮጳ ካርታዎች ላይ ለብዙ ዓመታት ሲታተሙ ኖረዋል። በሐይቁ ላይ በታንኳ ዓሣ የሚያጠምደው ሰው ግን «ማርጌሪታ» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ለርሱ ሐይቁ በአያቶቹ አፍ የተጠራው ሐይቅ ነው። ዛሬ የውጭው ስም ከአሮጌ መጻሕፍት ውስጥ በቀር አይገኝም፤ አባያና ጫሞ ግን በየትምህርት ቤቱ ይጠናሉ። ከዚህም የምንረዳው ነገር አለ፤ ስም የሚጸናው ካርታ ሠሪው ስለ ጻፈው ሳይሆን ሕዝቡ ሳያቋርጥ ስለ ጠራው ነው። ሕዝቡ መጥራቱን ያቆመ እንደ ሆነ ግን፥ ማንም ጠላት ሳይመጣበት ስሙ በገዛ እጁ ይጠፋል።

የከተማይቱም ስም ያው እንደሚያመለክተው ከምንጮች የተገኘ ነው። ከአፋፉ ሥር ባለው ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ከምድር ሥር የሚፈልቁት ምንጮች ለከተማው ሕዝብ የመጠጥ ውሃ ሆነዋል፤ ደኑም ከነርሱ ርጥበት የተነሣ በበጋ እንኳ ልምላሜው አይለየውም። «በእርግጥ አርባ ናቸውን?» ብሎ የሚጠይቅ ጐብኚ አይጠፋም። እኛ ግን አርባ የሚለው ቃል ለብዛትና ለበረከት የተነገረ ይመስለናል። አርባ ምንጭ ያደገችው የቀድሞው የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነት በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከደጋው ከጨንቻ ወደዚያ ከወረደ በኋላ ነው። ስለዚህ ከተማይቱ ገና ወጣት ስትሆን የተሸከመችው ስም ግን የምንጮቹን ዕድሜ ያህል የቆየ ነገርን ያስታውሳል።

ከሐይቆቹ ማዶ ያለው ሜዳ ደግሞ በሣሩ መልክ «ነጭ ሣር» ተብሏል። በ1966 ዓ.ም. 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከልሏል፤ የሜዳ አህያም መንጋ በዚያ ይሰማራል። በዚህ ሜዳ ላይ ስለ ስም ነገር የሚያስገርም ታሪክ ተፈጽሟል። እ.ኤ.አ. በ1990 ከእንግሊዝ አገር ከካምብሪጅ የመጡ ተመራማሪዎች በመንገድ ላይ የሞተች አንዲት በሌሊት የምትበር ወፍ አገኙ። አካሏ ተጨፍልቆ ስለ ነበር ሊወስዱ የቻሉት አንድ ክንፏን ብቻ ነው። ሊቃውንት ክንፉን ከሌሎች ወፎች ክንፍ ጋር ሲያስተያዩት የማንንም የማይመስል ሆኖ አገኙት። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1995 እንደ አዲስ ወገን ቆጥረው «ሶላላ» የሚል የሳይንስ ስም ሰጧት፤ ትርጓሜውም በላቲን «ብቸኛ ክንፍ» ማለት ነው። የአንድ ክንፍ ማስረጃ ብቻ ይዞ ስም ለማውጣት ይህን ያህል የደከመ ሰው ካለ፥ እኛ ሙሉ ሰውነቱ በፊታችን የቆመውን ታሪክ ስሙን ሳንጽፍ ብናሳልፈው ምን ምክንያት ይኖረናል?

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ጠመዝማዛውን መንገድ ወደ ጨንቻ የወጣ መንገደኛ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከቆላ ወደ ብርዳም ደጋ ይገባል። በዚያ የዶርዜ ሰዎች ይኖራሉ። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተፈትሎ የሚሠራ፥ ቁመቱ እጅግ የረዘመ፥ ከፊት ለፊቱም ወጣ ያለ መግቢያ ያለው ነው። የሩቅ ሰው ሲያየው የዝሆን ራስ ይመስለዋል፤ የአገሩም ሰዎች ድሮ በዚያ ምድር ይኖሩ ለነበሩት ዝሆኖች መታሰቢያ ነው ብለው ይተርካሉ። ቤቱ በዘመን ብዛት እግሩን ምስጥ ይበላዋል። ያን ጊዜ የተበላውን ቆርጠው ስለሚያስወግዱት ቤቱ ከዓመት ወደ ዓመት እያጠረ ይሄዳል። ባለቤቱ ቦታ ሊለውጥ ቢፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ያዛውርለታል። ስለዚህ የዶርዜን ቤት ቁመት ያየ ሰው ዕድሜውን ሊገምት ይችላል፤ ቤቱ እንደ ሽማግሌ እያጐነበሰ ያረጃልና።

የዶርዜ ወንዶች በሽመና የታወቁ ናቸው፤ ሴቶቹ ይፈትላሉ፤ ወንዶቹ ይሸምናሉ። በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ አካባቢ የሚሸጠው ያማረ ጋቢና ቀሚስ ብዙው ከነርሱና ከሌሎች የጋሞ ልጆች እጅ የወጣ ነው። ከደጋቸው ወጥተው በየከተማው ቢበተኑም፥ በመስቀል በዓል ወደ ትውልድ ቀያቸው ሳይመለሱ የሚቀሩት ጥቂቶች ናቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ከሸማኔ ይልቅ ማን ሊያውቀው ይችላል?

ጐብኚው በጋሞ ደጋ ቤቱንና ሸማውን አይቶ ይመለሳል፤ ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት ለዓይን የሚታይ አይደለም። የጋሞ ሕዝብ «ዱቡሻ» በሚባል ገላጣ ስፍራ ተሰብስቦ ስለ ጋራ ጉዳዩ ይመክራል፤ የተጣላውን ያስታርቃል። «ጎሜ» የሚባለውንም ነውር የሠራ ሰው በራሱና በወገኑ ላይ መከራ ያመጣል ብሎ ያምናል። ለባዕድ ሰው ዱቡሻ አንድ ባዶ መስክ ነው፤ ስሙንና ሥራውን ለሚያውቅ ግን ምክር ቤትም ፍርድ ቤትም ነው።

ይህ ሥርዐት በተረት ውስጥ ብቻ የቀረ አለመሆኑን መስከረም 2011 ዓ.ም. አሳይቶናል። በዚያ ወር በቡራዩና በአካባቢው በብዙ የጋሞ ተወላጆችና በሌሎችም ላይ ሞትና መፈናቀል በደረሰ ጊዜ፥ ወሬው አርባ ምንጭ ገብቶ የተቈጡ ወጣቶች ለመበቀል ወደ አደባባይ ወጡ። ያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ። መሣሪያ አልያዙም፤ ሌላ ኃይልም አልነበራቸውም። ወጣቶቹ ግን የሣሩን ትርጉም ያውቁ ስለ ነበር አልፈው ሊሄዱ አልደፈሩም፤ ተመለሱ። የሰውም ደም ሳይፈስስ ቀረ። እንግዲህ ያ ወጣት ስለ እርጥብ ሣር ከአያቱ ምንም ሳይሰማ ያደገ ቢሆን ኖሮ፥ ሽማግሌውን ምን ሊያስከብረው ይችል ነበር? በአንድ ሰዓት ውስጥ የከተማ ሰላም የጠበቀው ነገር በብዙ ትውልድ አፍ ሲነገር የኖረ ነው። የአፍ ታሪክ ከንቱ ጨዋታ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ደጋግመው ቢያስቡት መልካም ነው።

ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ኮንሶ ይገኛል። ምድሩ ደረቅና ድንጋያማ ነው፤ ዝናቡም በመጣ ጊዜ በኃይል ይመጣል። ኮንሶዎች ግን ተራራውን ከግርጌው እስከ ራሱ በድንጋይ እርከን ከፋፍለው አፈሩ እንዳይሸሽ፥ ውሃውም በእርሻው ላይ እንዲቆይ አድርገዋል። አንዳንዱ የእርከን ግንብ እስከ 5 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። በላዩ ማሽላ ይዘሩበታል፤ እኛ ሽፈራው የምንለውንም ዛፍ ቅጠሉን ለምግብ ይተክሉታል። መንደሮቻቸውም በደረቅ ድንጋይ ግንብ የታጠሩ ናቸው፤ ሕዝቡ በበዛ ቍጥር ከአሮጌው ግንብ ውጭ አዲስ ግንብ ስለሚጨመር፥ አንዳንዱ መንደር በብዙ ቀለበት የተከበበ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ይህን ከ400 ዓመታት በላይና ከ20 በማያንስ ትውልድ የተሠራ ሥራ በ2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2011) በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ኮንሶዎች ዘመንን የሚቈጥሩበት የራሳቸው መዝገብ አላቸው። ሥልጣን ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ሲተላለፍ በየመንደሩ አደባባይ ረጅም የጥድ ግንድ ይተክላሉ፤ ይህም በአንዳንዱ ወገን በየ18 ዓመቱ የሚደረግ ነው። ስለዚህ የቆሙትን ግንዶች ቈጥሮ የመንደሩን ዕድሜ ማወቅ ይቻላል። «ሞራ» በሚባለውም የጋራ ስፍራ ወጣቶች እያደሩ መንደራቸውን ከእሳትና ከጠላት ይጠብቃሉ፤ ሽማግሌዎችም ይመክሩበታል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የኮንሶን ስም ያስጠራው «ዋካ» የሚባለው የእንጨት ሐውልት ነው። ጠላት ወይም አስፈሪ አውሬ የገደለ ጀግና ሲሞት ምስሉ ከእንጨት ተቀርጾ በመቃብሩ ላይ ወይም በመንገድ ዳር ይቆማል። በግራና በቀኙ ሚስቶቹ ይቆማሉ፤ የገደላቸውም ጠላቶች፥ አንበሳም ገድሎ እንደ ሆነ አንበሳው፥ ከአጠገቡ ይቀረጻሉ። እንግዲህ ዋካ እንዲሁ የተቀረጸ እንጨት ሳይሆን የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው፤ ጽሕፈት በሌለበት ዘመን የተጻፈ መጽሐፍ ነው። በፊቱ የሚያልፍ ልጅ አባቱን «ይህ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አባትየውም ስሙንና ሥራውን ይነግረዋል።

ይህ ዓይነት ሐውልት ግን በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ በገንዘብ እንደሚፈለግ ከታወቀ ወዲህ ብዙው በሌሊት እየተነቀለ ተሰርቋል። ከተሰረቁትም አንዳንዶቹ ከሌባ እጅ ተይዘው በኮንሶ በካራት ከተማ በሙዚየም ተቀምጠዋል። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ እንጨቱ ከመጥፋት ድኗል። ነገር ግን ሐውልቱ ከየትኛው መቃብር እንደ ተነቀለ ያልታወቀ እንደ ሆነ ስሙ አብሮት አይመለስም። ጀግናው በሰዎች ዘንድ ሁለተኛ ይሞታል፤ መጀመሪያ በሥጋው፥ ኋላም በስሙ። ቀራጮቹ ጥቂት እየሆኑ፥ ስሞቹንም የሚያውቁት ሽማግሌዎች በየዓመቱ እያለፉ ባሉበት ጊዜ፥ ይህ ጉዳይ ለነገ የሚባል አይደለም።

በኮንሶ ሳሉ ጌሰርጊዮ ወደሚባለው መንደር ያልሄደ ጐብኚ የለም ማለት ይቻላል። በዚያ ምድሩ ተሸርሽሮ እንደ ግንብና እንደ ሕንፃ ቀጥ ብለው የቆሙ የአፈር ዐምዶች ይታያሉ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የአስጐብኚዎች አፍ ስፍራውን «ኒውዮርክ» ብሎታል፤ ዐምዶቹ የአሜሪካን ፎቆች ይመስላሉ ሲል ነው። የአገሩ ሽማግሌዎች ከሚተርኩት አንዱ ግን ሌላ ነው። በጥንት ዘመን የባላባቱ የክብር ከበሮ ተሰረቀ፤ ሌቦቹም በዚያ ምድር ቀበሩት። ከበሮው የቱ ጋ እንዳለ ሰው ሊያውቅ ስላልቻለ ፈጣሪ ራሱ አፈሩን ጠርጎ ገለጠው፤ ዐምዶቹም የዚያ ቁፋሮ ምልክት ናቸው ይላሉ።

የመሬትን ጠባይ ያጠኑ ሊቃውንት በበኩላቸው ለስላሳውን አፈር ዝናብና ጎርፍ በረጅም ጊዜ እንደ ሸረሸሩት ያስረዳሉ። እኛ ሁለቱም ለጐብኚው ቢነገሩ እንጂ አንዱ ለአንዱ ሲል ይቅር አንልም። ሳይንስ ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ይናገራል፤ ትረካው ደግሞ ሕዝቡ ምን እንደሚያከብርና ምን እንደሚጠላ ይናገራል። በተጨማሪም አንድ ሌላ ነገር አለ። ኮንሶዎች በሺህ የሚቈጠር እርከን የሠሩት አፈሩ እንዳይሄድባቸው ነው፤ ጌሰርጊዮ ግን አፈሩ አምልጦ የሄደበት ስፍራ ነው። ጐብኚው በሕዝቡ ድካም ላይ ዓይኑን አሳልፎ፥ ሕዝቡ የሚፈራውን ጥፋት አድንቆ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል። «ኒውዮርክ» የሚለው ስም ይህን ሁሉ ይሸፍናል፤ የከበሮው ትረካና የእርከኑ ታሪክ ግን ይገልጠዋል። ቦቴጎ የሰጠውን የባዕድ ስም ሕዝቡ ባለመጥራቱ አጠፋው። ይህኛውን ግን እኛው ራሳችን አምጥተን እኛው እንጠራዋለን።

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» ይባላል። በእጃችን ያለው ወርቅ እንዳይጠፋ ታላቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አያስፈልግም። በገጠር ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹን ወደ አያቶቻቸው ልኮ የምንጩን፥ የዱቡሻውን፥ የሞራውንና የዋካውን ስም ከነታሪኩ ቢያስጽፍ፥ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ ሊተካው የማይችል መዝገብ ይኖረዋል። በየወረዳው ያለ ሹም የመንገድ ምልክት ሲያስቆም የአገሬውን ስም አስቀድሞ ቢያስጽፍ ወጪው ያው ነው። ተማሪም ለዕረፍት ወደ ቀዬው ሲመለስ ከሽማግሌ እግር ሥር አንድ ማታ ቢቀመጥ ትምህርቱ አይጐድልበትም። ጐብኚውም ቢሆን ፎቶግራፍ ከማንሣቱ በፊት «ስሙ ማን ይባላል?» ብሎ ቢጠይቅ ካየው የበለጠ ይዞ ይመለሳል።

በጌሰርጊዮ ትረካ የተሰረቀውን ከበሮ ምድር ራሷ ተከፍታ መልሳለች። ለተሰረቁት ዋካዎች ግን ምድር አትከፈትም፤ ስማቸው ያለው በሽማግሌዎች አፍ ነውና፥ ያ አፍ ከመዘጋቱ በፊት ጠይቀን መጻፍ የኛ ፈንታ ነው። ስምን መልአክ ቢያወጣውም የሚጠብቀው ሰው ነው።